ድግሱ ለልጁ ነው ወይስ ለአዳራሹ?



በቤር ሼቫ በምንኖር የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ዘንድ በካሌንደር ላይ ያልተጻፈ አንድ ወቅት አለ። ከፋሲካም ከሲግድም ጋር አይቆጠርም። ወንዱ ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው ይጀምራል፤ 13 ዓመት ሲሞላው ያበቃል፤ ዕዳው ግን ልጁ 15 ዓመት እስኪሞላው ሊቆይ ይችላል። ይህ ወቅት የባር ሚጽዋ ዝግጅት ይባላል። በዚህ ጊዜ አባት ከባንክ፣ እናት ከልብስ መደብር፣ አያት ከበርበሬዋ፣ ልጁ ደግሞ ከስልኩ ጋር ይውላል። ጎረቤት አይቶ ይስቃል። እኛም እንስቃለን፤ የሚያስቅ ነገር አይቶ አለመሳቅ ደግ አይደለምና። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ ተቀምጠን ልንመካከርበት የሚገባ ጉዳይ ስላለ ይህን ጽሑፍ አቅርበንላችኋል።

አቋማችንን ከመጀመሪያው በግልጽ እናስቀምጥ። ባር ሚጽዋ ይቅር አንልም። ድግስም ይቅር አንልም፤ ደግሶ ማብላት ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። የምንለው ይህን ነው፦ ዝግጅቱ ሁሉ ለአዳራሹ ሲሆን ልጁ ያነበበውን አያውቀውም፤ አባት በገዛ ልጁ በዓል ላይ ከፋይ እንጂ አስተማሪ አይሆንም፤ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችንም ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀምጠው ጆሯቸውን ይዘው ያመሻሉ። ይህ ሊታረም ይችላል። ለማረም የሚያስፈልገውም ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው።

በአገር ቤት ያልነበረ ድግስ

እንደሚታወቀው በጎንደር፣ በሰሜን፣ በወልቃይትም ሆነ በትግራይ በነበሩት መንደሮቻችን ለ13 ዓመት ልጅ የሚደገስ ድግስ አልነበረም። ልጅ ሲወለድ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። እናትየው በኦሪት እንደታዘዘው ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ቆይታ፣ ነጽታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ደስታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ትልቁ ዳስ የሚጣለው ለሠርግ ነው። በመካከሉ ያለው ዕድሜ በሥራ ይለካ ነበር። ልጁ ጥጃ ከመጠበቅ ወደ ከብት መጠበቅ፣ ከብት ከመጠበቅ ሞፈር ወደ መጨበጥ ሲያልፍ መንደሩ ሁሉ ጎረመሰ ይላል። ሙሉ ጾም የጾመ ዕለት ደግሞ እናቱ በኩራት ለጎረቤት ትናገራለች። ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም። ቴፊሊንም አልነበረንም።

ይህ የሚያሳፍር አይደለም። አያቶቻችን የኖሩት በተጻፈችው ኦሪት ነው። ወንድ ልጅ በ13 ዓመቱ ትእዛዛትን የመጠበቅ ግዴታ ይገባበታል የሚለው ትምህርት የሚገኘው በሚሽናና በታልሙድ ነው፤ እነዚህ መጻሕፍት ደግሞ እኛ ዘንድ አልደረሱም ነበር። ደርሰውላቸው በነበሩት ወንድሞቻችን ዘንድ እንኳ ቢሆን ልጁ 13 ዓመት ሲሞላው ግዴታው በራሱ ይመጣል እንጂ አዳራሽ፣ የጥሪ ካርድና ዲጄ እስኪመጣ አይጠብቅም። ልጁን ወደ ኦሪት ንባብ ጠርቶ ግብዣ የማድረጉ ልማድ እየሰፋ የመጣው በመካከለኛው ዘመን፣ በተለይም በጀርመን አገር በነበሩ ይሁዶች ዘንድ ነው። እንግዲህ የቆየው ግዴታው ነው፤ ድግሱ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣና እያንዳንዱ ወገን በየባህሉ ያስተካከለው ነገር ነው። በዚህ በከተማችን ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ከባር ሚጽዋው በፊት የሂና ምሽት ሲያደርጉ እናያለን። እነርሱ የራሳቸውን ጨምረውበታል። እኛስ ምን ጨመርንበት?

የአንድ ቤት ወግ

ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት እንውሰድ። ቤቱ የማንም አይደለም፤ የሁላችንም ነው። አባት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ፣ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሲመጡ አብሮ የመጣ ነው። ልጁ የተወለደው እዚሁ ሶሮካ ሆስፒታል ነው። አያት ከእነርሱ ጋር ትኖራለች፤ ዕብራይስጥ ትሰማለች፣ አትናገርም። ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም።

የመጀመሪያው ችግር ቀኑ ነው። የልጁ የልደት ቀን ከነሰዓቱና ከነደቂቃው ተጽፏል። አባት ግን ሲመጣ ዕድሜውን የገመተለት ጸሐፊ ነው፤ በመታወቂያው ላይ ጥር 1 ቀን ተወለደ ይላል፤ ወንድሙም ጥር 1፣ እህቱም ጥር 1። «እኔ ራሴ 13 ዓመት የሞላኝ መቼ ነበር?» ብሎ እናቱን ይጠይቃል። «አንበጣው በመጣ በማግስቱ ዓመት፣ በሬያችን የሞተ ጊዜ ነው የተወለድከው፤ አንተ ቁጠረው» ትለዋለች። በዚህ መካከል አዳራሹ በፈረንጁ ቀን ይያዛል፣ ቀብድ ይከፈላል። የቤተ ክኔሴቱ ራቢ የዕብራይስጡን ቀን አስልተው «ይህ ልጅ በዚያ ቀን ገና 12 ዓመት ከ11 ወሩ ነው» ይላሉ። አዳራሹ ቀብዱን አይመልስም። ልጁም በአንድ ወር ውስጥ እንዲያድግ ማስገደድ አይቻልም።

ሁለተኛው የእንግዶች ዝርዝር ነው። አባት 120 ሰው ጽፎ ይጨርሳል። እናት ወረቀቱን አይታ «የእኔ ወገኖችስ?» ስትል 210 ይሆናል። ከዚያ አያት ትጠራለች። አያት ማንበብ አያስፈልጋትም፤ ዘመዱን ከአፏ ታወርደዋለች። የቅርያት ጋቱ፣ የነቲቮቱ፣ የአሽቀሎኑ፣ የረሆቮቱ፣ የሀደራው፣ የአፉላው። «እገሌን ካልጠራን ነገ ለቅሶ ላይ ምን ብለን ዓይኑን እናያለን?» ትላለች፤ መልስም የለውም። ልጁ ደግሞ ክፍሉን በሙሉ ይጨምራል። ዝርዝሩ 400 ላይ ሲደርስ አባት እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ሰገነት ይወጣል።

ሦስተኛው ምግቡ ነው። የአዳራሹ ሰው «ስንት ሰሃን?» ብሎ ይጠይቃል። አያት «ሰሃን ምን ያደርጋል? በመሶብ ነው እንጂ» ትላለች። ይተረጎምለታል። አዳራሹ የካሽሩት ፈቃድ ስላለው ከውጭ የተሠራ ምግብ አይገባም ይላል። በአገሯ ሳለች ከሌላ ሰው እጅ ምግብ እንዳትበላ፣ ከተነካካችም እንድትታጠብ ሃይማኖቷ ሲያስገድዳት የኖረች አሮጊት፣ የጋገረችው እንጀራ «ካሽሩቱ አይታወቅም» ተብሎ በር ላይ ይቆማል። ይህንን አባት እንዴት አድርጎ ይተርጉምላት? «ቦታ የላቸውም እማዬ» ብሎ ያልፈዋል።

አራተኛው ጥናቱ ነው። ቀድሞ በካሴት ነበር፤ አሁን አስተማሪው የፓራሻውን ዜማ በስልክ ይልከዋል። ልጁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ እየተወዛወዘ ይሄዳል። አባት «ባር ሚጽዋህ ደርሶ ዘፈን ትሰማለህ?» ብሎ ስልኩን ይቀማዋል፤ ሁለት ሳምንት ይደብቀዋል። አስተማሪው ደውሎ «ልጁ ጥናቱን አቁሟል» ሲል ነው ስልኩ ከቁምሳጥን የሚወጣው።

አምስተኛው አያት ናት። ልብሱ ተገዝቷል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ 400 ሰው ተጠርቷል። አያት ለብዙ ሳምንት ዝም ብላ ስታይ ቆይታ አንድ ማታ «ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሙሽሪት የማን ልጅ ናት?» ትላለች። ሠርግ እንዳልሆነ ይነገራታል። «ታዲያ ለሠርጉ ጊዜ ምን ልታደርጉ ነው?» ትላለች። በአገራችን ቄሱ በሙሽራው ራስ ላይ ቀይና ነጭ ፈትል ያስር ስለነበር፣ በዕለቱ ልጁ ቴፊሊኑን በራሱና በክንዱ ላይ ሲያስር ስታይ ግን ፊቷ ይበራል። «አላልኳችሁም? ይኸው አሠሩት!» ትላለች። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ከሴቶቹ በኩል ከረሜላ ይወረወራል። አያት ይህን አልሰማችም ነበር፤ «ልጄን በድንጋይ ወገሩት!» ብላ ትነሣለች፤ እስከዚያ ቀን ከማታውቃት ሴት ጋር ትጣላለች።

በመጨረሻም አባት ተጠርቶ ልጁ ካነበበ በኋላ የሚባለውን ቃል ይላል። ትርጉሙን ይጠይቃል። ከአሁን በኋላ ልጁ ለሚሠራው ሥራ ራሱ ይጠየቃል፣ አባት ከዚያ ኃላፊነት ነጻ ሆነ ማለት ነው ይሉታል። አባት ጥቂት አስቦ «እሺ፤ ታዲያ ቼኮቹ በማን ስም ናቸው?» ይላል።

ከሳቁ በስተኋላ

በራስ መሳቅ ነውር አይደለም። ዮሲ ቫሳ የተጫወተበትና ካዘጋጁት አንዱ የሆነበት «ነብሱ» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታይ ብዙዎቻችን ቤታችንን በቴሌቪዥን ውስጥ አየን፤ በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት ሲያገኝም ተደሰትን። የባር ሚጽዋ ግርግርም የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየ፣ ጃክ ሮዘንታል የጻፈው አንድ ተውኔት ነበር። በለንደን የሚኖር ቤተሰብ ለልጁ ባር ሚጽዋ ሲሯሯጥ ያሳያል፤ እናት ስለ ጸጉሯ፣ ስለ እራቱና ስለ እንግዶቹ ትጨነቃለች፤ አባትም እንዲሁ ይማረራል። በበዓሉ ቀን ልጁ ወደ ኦሪት ሲጠራ ሁሉንም ትቶ ከቤተ ክኔሴት ይወጣል። ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ ዛሬ ሰው ትሆናለህ ትሉኛላችሁ፤ አባቴን፣ አያቴንና የእህቴን ወዳጅ ሳይ ግን እንደ እነርሱ መሆን አልፈልግም የሚል ነው ነገሩ። ሁሉም ስለ ልጁ ሲደክሙ ማንም ልጁን አላየውም ነበር።

የእኛ ልጆች ከቤተ ክኔሴት ሮጠው አይወጡም፤ ጨዋዎች ናቸው። ግን እነርሱም ያያሉ። አባታቸው በዓመት ሙሉ ስለ ባር ሚጽዋው የተናገረው ስለ ገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ ሰው መሆን ማለት መክፈል ነው ብለው ይማራሉ። አያታቸው ጥግ ስትቀመጥ ካዩ፣ የአያት ነገር ጥግ የሚቀመጥ ነው ብለው ይማራሉ። ማንም ይህን አላስተማራቸውም፤ ያዩትን ነው የያዙት።

ስለ ገንዘቡም እንነጋገር። እንበልና 300 ሰው ተጠርቶ የአንዱ ሰው ራት 200 ሸቀል ቢሆን 60,000 ሸቀል ነው። ልብሱ፣ ቴፊሊኑ፣ ፎቶ አንሺውና ዘፋኙ ገና አልተቆጠሩም። «በፖስታ የሚመጣው ይሸፍነዋል» የሚሉ አሉ። ወገኖቻችን፣ ፖስታው ስጦታ ቢሆንም ብድር በምድር ነው። 300 ሰው ከሰጠን 300 ቤት ሄደን እንመልሳለን። በየወሩ አንድ ሁለት ጥሪ የማይመጣበት ቤት በመካከላችን የትኛው ነው? አንዱ አዳራሽ የሌላውን አዳራሽ ዕዳ እያስከፈለ፣ መጨረሻ ላይ የሚያተርፈው አዳራሹ ብቻ ነው። በዚያው ቤት ልጁ ሰባተኛ ክፍል ሆኖ በሒሳብና በእንግሊዝኛ የሚያግዘው አስተማሪ ሲፈልግ «አሁን በሚኑስ ላይ ነን» ይባላል። ለአንድ ምሽት 60,000 የተገኘለት ልጅ ለአንድ ዓመት ጥናት የሚሆን ሲታጣለት ማየት አሳዛኝ ነው።

በትምህርት ቤት የምናየው

ለመምህርነት የሚዘጋጁ ወጣቶችን በማሠልጠን ሥራ ላይ ስለምንገኝ ነገሩን በሌላም በኩል እናየዋለን። በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች በባር ሚጽዋና በባት ሚጽዋ ዓመታቸው «ዓቮዳት ሾራሺም» የሚባል ሥራ ይሰጣቸዋል፤ ልጁ የቤተሰቡን ሥር መሠረት ጠይቆ የሚጽፍበት ነው። የሌሎች ልጆች የቆዩ ፎቶግራፎች፣ ፓስፖርቶችና ደብዳቤዎች ይዘው ይመጣሉ። ከእኛ ልጆች አንዳንዱ ግማሽ ገጽ ጽፎ «ሳቭታ ከኢትዮጵያ መጣች፣ አስቸጋሪ ነበር» ብሎ ይዘጋል። መምህሩ ቤተሰቡ አልተባበረም ብሎ ያስባል። ልጁ ደግሞ ፎቶ ስለሌለን ታሪክ የለንም ብሎ ያስባል።

እውነቱ ግን በዚያው ቤት ከምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትል ወይም ቡና የምትቆላ አንዲት መጽሐፍ አለች። በ1984 በሱዳን በረሃ በእግሩ ያለፈ፣ ወገኖቹን በመንገድ የቀበረ፣ ወይም በ1991 በአዲስ አበባ ከኤምባሲው ግቢ ቁጥር ግንባሩ ላይ ተለጥፎለት ወደ አውሮፕላን የገባ ሰው በየቤቱ አለ። የጎደለው ታሪክ ሳይሆን፣ ልጁ ያቺን መጽሐፍ የሚያነብበት ቋንቋ ነው። ለዚህም ድልድዩ አባትና እናት ናቸው፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸውና። አባት በአዳራሽ ጉዳይ ተጠምዶ ይህን ሥራ ካልሠራ፣ ከእርሱ በኋላ ሊሠራው የሚችል የለም። አያት ካለፈች ደግሞ ቦታ ማስያዝ አይቻልም።

ከአባቶቹም ብዙዎቹ የራሳቸው ባር ሚጽዋ የተደረገላቸው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአዳሪ ትምህርት ቤትና በመርካዝ ክሊታ በጅምላ ነው። ብዙ ልጆች ተሰብስበው፣ ነጠላ ታሊትና የጸሎት መጽሐፍ ተሰጥቷቸው፣ ፎቶ ተነሥተው ተመለሱ። ወላጆቻቸው በሩቅ ቆመው ያዩ ነበር፤ ምን እንደሚደረግ የነገራቸው አልነበረም። ዛሬ እነዚያ ልጆች አባት ሆነዋል። ለእነርሱ ያልተደረገውን ለልጃቸው ማድረግ መፈለጋቸው ይገባናል፤ ትልቅ አዳራሽ የሚያስመኘውም ይኸው ይመስለናል። ነገር ግን ያኔ የጎደለው ራትና ዘፈን አልነበረም። የጎደለው አባት አጠገብ መቆሙ ነው። ዛሬም ያው እንዳይጎድል እንጠንቀቅ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከዓመት በፊት እንጀምር፤ አባትና ልጅ አብረው ይማሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የኦሪት ጥቅልል ኒኩድ የሚባሉት ነጥቦችም የዜማው ምልክቶችም የሉትም፤ ልጁ ይህን ሁሉ በቃሉ መያዝ አለበት። ቀላል ሥራ አይደለም፤ በየማታው ሩብ ሰዓት የሚያዳምጠው ሰው ይፈልጋል። አዳማጩ አዋቂ መሆን የለበትም፤ መቀመጥ ብቻ ይበቃል። አባትም ወደ ኦሪት ሲጠራ የሚላቸውን ቡራኬዎች አብሮ ያጥና። በቅርብ ዓመታት ከጎንደር የመጡና ዕብራይስጥ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ቡራኬውን በአማርኛ ፊደል ይጻፉት፤ የእኛ ፊደል ድምፁን ራሱ ተሸክሞ ስለሚሄድ ለዚህ የተመቸ ነው።

ሁለተኛ፣ ቄሶቻችንን በክብር እንጥራ። ልጁ በቤተ ክኔሴት ፓራሻውን በዕብራይስጥ ካነበበ በኋላ፣ በቤት ወይም በግብዣው ላይ ቄሱ ያንኑ ምዕራፍ ከብራናው ኦሪት በግእዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተርጉሙት፤ ልጁም በዕብራይስጥ ያስረዳ። ቃሉ አንድ መሆኑን ልጆቹ በጆሯቸው ሲሰሙ፣ አያቶቻችን ኦሪትን ያወቁት እዚህ ከመጡ በኋላ እንዳልሆነ ያለ ክርክር ይገባቸዋል። ሲግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል እንዲሆን ስንታገል አልነበረምን? በክኔሴት ያገኘነውን ክብር በራሳችን ግብዣ ላይ አንንፈገው።

ሦስተኛ፣ ልጁ ሰባት ቤቱን ይቁጠር። በአገራችን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ትውልድ እስከ ሰባት ይቆጠር ነበር። ልጁ ከአያቱ ተምሮ የሰባት አባቶቹን ስም በእንግዶቹ ፊት ይጥራ። ፎቶ አያስፈልግም፤ ወጪ የለውም። አያት ለሦስት ወር በየሳምንቱ አስተማሪ ትሆናለች፤ ይህ ለእርሷም መድኃኒት ነው። ያንኑ በጽሑፍ አድርጎ ለትምህርት ቤቱ ሥራ ያቅርበው። መምህራንንም የምንጠይቀው አለ፦ በቃል የተነገረ ታሪክ እንደ ወረቀት ማስረጃ ይቆጠር፤ ልጁ የአያቱን ድምፅ ቀድቶ ቢያመጣ «ሰነድ የለውም» አይባል።

አራተኛ፣ ወጪውን ከድግሱ በፊት እንወስን። ብድር ሳይገባ የተገኘው ገንዘብ ስንት ነው? ድግሱ በዚያ ልክ ይሁን። እቁብ የሚጥሉ ቤተሰቦች ዕጣውን ለዚህ ቢያደርጉት ከባንክ ወለድ ይድናሉ። ምግባችንን ይዘን ልንገባበት የምንችል የሰፈር ማትናስ ወይም ግቢ እንፈልግ፤ ሴቶቻችን እንደ ቀድሞው ተጋግዘው ይሥሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከዚያ የተረፈው በልጁ ስም ለትምህርቱ ይቀመጥ፤ ይህንንም ልጁ ይወቀው።

አምስተኛ፣ ሴቶች ልጆቻችንን አንርሳ። ሴት ልጅ በ12 ዓመቷ ግዴታ ውስጥ ትገባለች። ባግዳድ የነበሩት ታላቁ ራቢ ዮሴፍ ሐይም፣ በ1909 ያረፉት፣ ሴት ልጅ በዚያ ቀን አዲስ ልብስ ለብሳ እንድትደሰት ጽፈዋል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 የራቢ መርዶካይ ካፕላን ልጅ በኒው ዮርክ በቤተ ክኔሴት በጉባኤ ፊት አነበበች፤ ባት ሚጽዋ በዚያ አገር የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ለወንዱ 400 ሰው ጠርቶ ለእህቱ ኬክ ገዝቶ ማለፍ ፍርድ አይደለም። ሰባት ቤት መቁጠር ለእርሷም ይገባታል፤ እንዲያውም በየቤቱ ዘር ቆጠራውን ይዘው የቆዩት አያቶቻችን ሴቶች ናቸው።

«ልጄ ከጓደኞቹ ያንሳል»

ይህንን ሁሉ ስንል የሚቀርብልንን መልስ እናውቀዋለን። «ልጄ በጓደኞቹ አዳራሽ በልቶ መጥቷል። ጥቁር ስለሆነ በሚያሳንሱት አገር በድግስ ደግሞ እንዲያንስ አላደርግም» የሚል ወላጅ አለ። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ በቀልድ አናልፈውም። ልጆቻችን በመንገድ ላይና በትምህርት ቤት የሚገጥማቸውን እናውቃለን፤ ለዚያም ነው የምንሰለፈውና የምንጽፈው። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ። በብድር የመጣ ምሽት ልጁን የሚያኮራው እስከ ንጋት ነው። በሰዎች ፊት ቆሞ በሁለት ቋንቋ አንብቦ፣ ሰባት አባቶቹን ቆጥሮ የወረደ ልጅ ግን «ከየት መጣህ?» ሲባል የሚመልሰው አለው። ያ መልስ በሠራዊትም፣ በዩኒቨርሲቲም፣ በሥራ ቦታም አብሮት ይሄዳል።

በሌላ በኩል «ይህ የእኛ ወግ አይደለም፤ ተዉት» የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። እነርሱንም እናከብራለን። ግን ልጆቹ እዚህ ተወልደዋል፤ ወጉ የክፍል ጓደኞቻቸው ሁሉ ወግ ነው። እኛ ካልገባንበት ያለ እኛ ይሆናል። ይልቁንስ ሽማግሌዎቻችን መጥተው ይመርቁ። ቡራኬያቸው ከዲጄው በፊት ይሁን፤ ሰው ሳይበተንና ድምፅ ማጉያው ሳይጮህ።

የቤተ ክኔሴት ጋባዮችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። የእኛ ቤተሰብ ባር ሚጽዋ ሲያደርግ ለአያትየው፣ ለአጎትየው ለማን ምን ክብር እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ከአባትየው ጋር ተነጋገሩ። ቄስ ሲመጡ ከፊት ወንበር ስጧቸው። ሰዓት አይፈጅም፤ በአንድ ቤተሰብ ልብ ውስጥ ግን ዘመን ይቆያል።

የምንኖርባት ከተማ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ የምትባለው ናት። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 ላይ አብርሃም ይስሐቅ ጡት በጣለ ቀን ትልቅ ግብዣ እንዳደረገ ተጽፏል። ከሊቃውንቱም ይህ ጡት መጣል ሳይሆን ልጁ ከክፉ ሐሳብ ተለይቶ ለአቅመ ትእዛዝ መድረሱ ነው ብለው የተረጎሙ አሉ። ስለዚህ ለልጅ መደገስ ከአባታችን ከአብርሃም የመጣ ነው፤ ማንም ሊከለክለን አይችልም። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ደግሞ አብርሃም ስለ ቆፈረው ጉድጓድ ሰባት ጠቦቶች አቁሞ ይማማላል፤ ከተማችንም ስሟን ያገኘችው ከዚያ መሐላና ከዚያ ሰባት ነው። በግብዣው ላይ ስንት ሰው እንደተጠራና ምን እንደተበላ የጻፈልን የለም። ጉድጓዱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የከተማ ስም ሆኖ ይጠራል። ለልጆቻችን ሁለቱንም እናድርግላቸው፤ ግብዣውን በአቅማችን፣ ጉድጓዱን በሙሉ ኃይላችን።

በሚቀጥሉት ወራት ልጅ የምታደርሱ ወላጆች ይህን ጽሑፍ ከቤተሰባችሁ ጋር አንብቡት፤ አያትም ልጁም ባሉበት ይሁን። አማርኛ ለማያነቡት ልጆቻችሁ እናንተው ተርጉሙላቸው፤ ሥራው ከዚያ ይጀምራል። የተስማማችሁበትንም ያልተስማማችሁበትንም ጻፉልን፤ በቤታችሁ የሆነውን የሚያስቅ ነገር ደግሞ እንዳትደብቁን።